ማንን እንደሚጎዳ ጠይቃችሁ ነበር? የሳውዝሆል ሴቶች ጉዳይ ከጎንደር ሲነበብ

ደብዳቤው የመጣው ሰኔ ውስጥ ነው። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። ለማኅበራችን ሲሰጥ የነበረው ድጋፍ ከቀጣዩ የበጀት ዓመት ጀምሮ እንደማይቀጥል፣ አገልግሎቱ ለሁሉም ነዋሪ በአንድ ማዕከል እንዲሰጥ እንደታሰበ፣ የምንጠቀምበትን ባለ ሁለት ክፍል ቤትም እንድናስረክብ ይገልጻል። ከታች «ከሰላምታ ጋር» ይላል።

ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር መድገም ነበረብኝ። ስጨርስ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሊቀመንበራችን መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ማዕከሉ የት ነው የሚሆነው?» አሉ። ደብዳቤው ላይ የለም። «ከአልጋ የማይነሱትንስ ማን ተሸክሞ ይወስዳቸዋል?» እሱም የለም።

ስለ እኛ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከእድር የወጣን ሴቶችና ጥቂት ወጣቶች ነን፤ ጎንደር፣ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞርን ገላቸውን እናጥባለን፣ ልብሳቸውን እናጥባለን፣ እንጀራና ወጥ እናደርሳለን፣ ሲብስባቸው ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል እንወስዳለን። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም። ከመንግሥት የምናገኘው ያንን የቀበሌ ቤትና በዓመት አንዴ ለሳሙና፣ ለዱቄትና ለመድኃኒት የምትሆን ገንዘብ ነው። ትንሽ ናት። ግን ሳሙና በዚህ ዋጋ በልመና አይገዛም፣ ልብስ የምናጥብበትና ዕቃ የምናስቀምጥበት ሌላ ቤትም የለንም።

የዚያን ምሽት አንድ የሕግ ተማሪ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «እቴ፣ ይኼን እዪው እስቲ። የእናንተኑ ነው የሚመስለው» አለኝ። የእንግሊዝ አገር የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፣ የ2008 ዓመት፣ በእነሱ አቆጣጠር። እንግሊዝኛው ለእኔ ከበድ ይላል። እሱ እየተረጎመ እኔ ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ በመሀል ቡና እየተፈላ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ሦስት ምሽት ፈጀብን። እዚህ የምጽፍላችሁ ከዚያ ደብተር የወጣውን ነው። በሌላ ሰፈር፣ በሌላ እድር፣ በሌላ ወጣት ማኅበር እንደኛ ዓይነት ደብዳቤ የደረሳችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው።

ሳውዝሆል

ሳውዝሆል በምዕራብ ለንደን ያለች ሰፈር ናት። የምትተዳደረው ኢሊንግ በሚባል የአካባቢ ምክር ቤት ነው። በእኛ ክፍለ ከተማ አድርጋችሁ ብታስቡት ያስኬዳል፤ የራሱ ተመራጮች፣ የራሱ በጀት አለው። ከሕንድ፣ በተለይ ከፑንጃብ የሄዱ ቤተሰቦች በብዛት ይኖሩባታል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሚያዝያ ላይ አንድ ዘረኛ ፓርቲ እዚያው ሳውዝሆል መሀል የምርጫ ስብሰባ አደርጋለሁ ብሎ ነዋሪው ተቃውሞ ወጣ። ብሌየር ፒች የሚባል መምህር በተቃውሞው ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። በዚያው ዓመት፣ ያ ቁጣ ሳይበርድ፣ የእስያና የካሪቢያን ተወላጅ የሆኑ ሴቶች ተሰባስበው አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ስሙን ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ አሉት፣ የሳውዝሆል ጥቁር እህቶች እንደማለት። «ጥቁር» ሲሉ የቆዳ ቀለም ብቻ አይደለም የያዙት። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር በዘር ምክንያት የተገፋ ሁሉ፣ ሕንዳዊውም አፍሪካዊውም፣ በአንድነት የሚጠራበት ስም ነበር። ይኼን ያዙልኝ፣ በኋላ ስሙ ራሱ ክስ ይሆንባቸዋል።

ሥራቸው ቤት ውስጥ የሚደበደቡ፣ ያለፈቃዳቸው የሚዳሩ፣ ባል ጥሏቸው ወይም አግቷቸው መውጫ ያጡ ሴቶችን መርዳት ነው። አገሩ ያወቃቸው በኪራንጂት አህሉዋሊያ ጉዳይ ነው። ይህች ሴት ለዓመታት ሲደበድባት በኖረው ባሏ ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 እሳት ለኩሳበት ሞተ፣ በግድያ ተከሳ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። እነዚህ ሴቶች ዓመታት ሙሉ ጮኹላት። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የግድያውን ፍርድ ሻረው፣ እሷም በዚያው ዓመት ተፈታች። ባል ሚስቱን ሲያሰቃይ ኖሮ የሚደርሰውን ነገር የእንግሊዝ ሕግ የሚያይበት ዓይን ከዚያ ጉዳይ በኋላ እንደተለወጠ የሕግ ተማሪያችን ነግሮኛል፣ አሁንም ድረስ ክፍል ውስጥ ይማሩታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ስለሆነ። እነዚህ ሴቶች የሚሠሩትን ሥራ ሌላ ድርጅት ለምን አይሠራውም? ቋንቋ አንድ ነው፣ ፑንጃቢ ብቻ የምትናገር ሴት የደረሰባትን ለማን ትናገራለች። ሁለተኛው እኛም የምናውቀው ነው፣ ገመና። «ገመናሽን አደባባይ አታውጪ» የሚል ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ አማት አለ። ሦስተኛው ደግሞ እኔ የማላውቀው ነበር፣ ሳነበው ልቤ ነው የተሰበረ። በባሏ በኩል ወደ እንግሊዝ የገባች ሴት የመኖሪያ ፈቃዷ በዚያ ጊዜ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፈቃዷ ላይ ከመንግሥት ገንዘብ ድጋፍ ማግኘት እንደማትችል ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ከቤት ብትወጣ የምትጠለልበት፣ የምትበላው አልነበረም፣ ብትቆይ ዱላ ነበር። ይኼን ቋጠሮ የሚያውቅ፣ ሕጉንም ቋንቋውንም ገመናውንም በአንድ ላይ የያዘ ሰው ካላገኘች፣ «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል በር ፊት ለፊቷ ቢከፈትም አትገባበትም።

ቅነሳው በእኩልነት ስም ሲመጣ

ኢሊንግ ለዓመታት ሲረዳቸው ኖሮ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሐሳቡን ቀየረ። በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ለሚሠራ ሥራ የሚሰጠውን ገንዘብ ከእንግዲህ ለአንድ ወገን ብቻ ለሚሠራ ድርጅት አልሰጥም አለ። አገልግሎቱ በአካባቢው ላለ ሰው ሁሉ፣ ዘር፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ ዕድሜ ሳይለይ፣ በአንድ አቅራቢ እንዲሰጥ ነው የፈለገው። ጥቁር እህቶችም ከፈለጋችሁ ለሁሉም እናገለግላለን ብላችሁ ተወዳደሩ ተባሉ። ይኼ ማለት ባለው አቅም የተለየ ሥራቸውን ትተው፣ ወይም አሳንሰው፣ አጠቃላይ ድርጅት ሁኑ ማለት ነበር።

ምክንያቱ ሁለት ቃል ነው። እኩልነትና አብሮነት። ጊዜውም ረድቷቸዋል። በ2005 ለንደን ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ በአገሪቱ «ማኅበረሰቦች ተነጣጥለው እየኖሩ ነው» የሚለው ወሬ በርትቶ ነበር። በ2007 ደግሞ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን ለአንድ ማኅበረሰብ ብቻ ለሚሠሩ ማኅበራት ገንዘብ መስጠት በመርህ ደረጃ እንዳይበረታታ መከረ። ምክር ቤቱ ይኼን ይዞ ተነሳ። አልፎ ተርፎ የድርጅቱ ስምና መተዳደሪያ ደንብ ራሱ ነጭ ሴቶችን ያገላል ብሎ ተከራከረ።

እኔ ይኼን ሳነብ ስለ ደብዳቤያችን ነው ያሰብኩት። «ለሁሉም ነዋሪ በአንድ ማዕከል»። ማን ይቃወመዋል? ለሁሉም መሆኑን የምጠላ ክፉ ሰው አይደለሁም። ቁርጥ አድርጎ «ገንዘብ የለንም» ቢል ቢያንስ ስለ ገንዘብ እንነጋገራለን። በእኩልነት ስም ሲመጣ ግን አፍ ያስይዛል። ተቃውሞ ያነሳ ሰው ራስ ወዳድ ይመስላል፣ «እነዚህ የራሳቸውን ሰፈር ብቻ ነው የሚያስቡት» ይባላል። የሳውዝሆል ሴቶችም የገጠማቸው ይኼው ነው። ያደረጉት ነገር ደግሞ ትልቁን ትምህርት የያዘ ይመስለኛል። እኩልነት አያስፈልግም አላሉም። ቃሉን ራሱን ያዙና «እሺ፣ ስለ እኩልነት ነው ካላችሁ፣ ይኼ ውሳኔ ማንን እንደሚጎዳ ከመወሰናችሁ በፊት አይታችኋል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ፍርድ ቤት

ጥያቄው የሕግ መሠረት ነበረው። የዘር ግንኙነት ሕግ የሚባል የ1976 ሕግ ነበራቸው። በ1993 ስቲቨን ሎውረንስ የሚባል ጥቁር ወጣት በዘረኞች ተገደለ፣ ፖሊስ ምርመራውን አበላሸው። በ1999 የወጣው የማክፈርሰን ሪፖርት ፖሊስ ውስጥ ተቋማዊ ዘረኝነት አለ አለ። በ2000 ሕጉ ተሻሻለ፣ አንቀጽ 71 በመንግሥት አካላት ሁሉ ላይ አዲስ ግዴታ ጣለ። ማንኛውም የመንግሥት አካል ሥራውን ሲሠራ አድልዎን ለማስወገድ፣ እኩል ዕድልን ለማስፋትና በዘሮች መካከል መልካም ግንኙነትን ለማጎልበት ተገቢውን ግምት መስጠት አለበት። ይኼን መስጠቱን የሚያሳይበት መንገድ ደግሞ የጉዳት ግምገማ የሚባል ወረቀት ነው። ልወስን ያሰብኩት ነገር እነማንን ይነካል፣ እንዴት ይነካል፣ ብሎ የሚያጠና ወረቀት።

ከሳሾቹ ድርጅቱ አልነበረም። ሁለት አገልግሎቱን የሚጠቀሙ ሴቶች ናቸው የከሰሱት። ይኼ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ድርጅት ሲከስ ገንዘብ ሊያስመልስ ነው ይባላል፣ ተጠቃሚዋ ስትከስ ግን በሩ የሚዘጋው በእሷ ላይ መሆኑ ይታያል።

ክሱ ለንደን በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሐምሌ 2008 ላይ ተሰማ፣ ዳኛው ሎርድ ጀስቲስ ሞሰስ ነበሩ። እዚያ አገር በእንዲህ ዓይነት ክስ ዳኛ «ውሳኔው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» ብሎ አይፈርድም። የሚያየው ወደ ውሳኔው የተደረሰበትን መንገድ ነው። ኢሊንግ ግምገማውን መቼ ሠራ? የሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ ወሰነ፣ ወረቀቱ በኋላ መጣ። ክርክሩ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ምክር ቤቱ ራሱ ውሳኔዬን አንስቻለሁ ብሎ ወጣ።

ዳኛው «በቃ አለቀ» ብለው መዝገቡን መዝጋት ይችሉ ነበር። አልዘጉትም። ጉዳዩ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ምክንያታቸውን በጽሑፍ አወጡ። የሕግ ተማሪያችን ከሁሉ በላይ የወደደው ይኼን ነው፣ እኔም ሁለት ነገር ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ጊዜ ነው። ግምገማው መሠራት ያለበት ሐሳቡ ገና ሲቀረጽ ነው፣ ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ። ተወስኖ ካለቀ በኋላ ውሳኔውን ለመከላከል የሚጻፍ ወረቀት ግምገማ አይባልም። በጽሑፍ መሆኑም ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ይበጃል፣ በእውነት መጠየቁን የሚያሳይበት ማስረጃ እሱ ነውና።

ሁለተኛው ስለ እኩልነት ነው። ዳኛው እኩልነትንና አብሮነትን ማስፋፋት በአንድ በኩል፣ ለአንድ ወገን የተለየ አገልግሎት መስጠት በሌላ በኩል፣ ሁለቱ አይጣሉም አሉ። ተጎጂዋ እርዳታው ከራሷ ሰዎች፣ ከራሷ አስተዳደግ መምጣቱን ካላወቀች ከእርዳታው የሚያግዳት አጥር አይፈርስም አሉ። የኢሊንግ ስህተትም እኩልነት ይኼን ይከለክላል ብሎ ማመኑ ነው። ስማቸውና ደንባቸው ሕግ ይጥሳል የሚለውም አልቆመም።

ሊቀመንበራችን ይኼን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡና «እኛ ዘንድ በዘር አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ነገሩን አንድ ማድረግ አልፈልግም። የእነሱ የዘር ጉዳይ ነው፣ በዘር ሕግ የተዳኘ። የእኛ አረጋውያን ከማንም የተለየ ዘር የላቸውም። የሚለያቸው እግራቸው አለመሄዱ ነው። ግን ቆየት አሉና እሳቸው ራሳቸው ጨመሩ። «ቢሆንም በሩ ያው ነው። ለሁሉም ተከፍቷል ብለው እኒህ ሰዎች የማይደርሱበት ቦታ ላይ ነው የሚከፍቱት።»

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። እዚያም ቢሆን ፍርድ ቤት ገንዘብ አይሰጥም። ውሳኔው ይሰረዛል፣ እንደገና በደንቡ ይሠራል፣ በደንቡ ተሠርቶም ድጋፉ ሊቀነስ ይችላል። በ2011 ለንደን ውስጥ ሮማ የሚባለውን፣ በአውሮፓ የሚኖር አናሳ ሕዝብ የሚረዳ ድርጅት ተጠቃሚዎች ተመሳሳይ ክስ አቅርበው አሸንፈዋል። እዚያም ያገኙት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ነው። አንቀጽ 71 ራሱ በኋላ በ2010 የእኩልነት ሕግ ተተክቷል፣ አዲሱ ሕግ ግዴታውን ለአካል ጉዳት፣ ለዕድሜ፣ ለሃይማኖትና ለሌሎችም አስፍቶታል። የሳውዝሆሎቹ ግን ያን ጊዜ ተረፉ። አሁንም አሉ።

ወደ ቤታችን

ከዚያ «እኛስ ምን ሕግ አለን?» የሚለው ጥያቄ መጣ። የሕግ ተማሪያችን መጀመሪያ ፊቱ በርቶ የመጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ይዞ ነበር። መሥሪያ ቤት ሲወስን ሰውን መስማት፣ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት የሚል ጥሩ አዋጅ ነው። ግን አንብቦ ሲጨርስ ዝም አለ፣ የሚሠራው ለፌዴራል አስፈጻሚ አካላትና ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ አስተዳደሮች ነው። ጎንደር የለችበትም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም እድርን አይመለከትም። ብዙ እድሮች ይኼን አያውቁም።

ያለን ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 41 ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም ቀና አልን። መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት ይመድባል የሚል አለበት። አረጋውያን የሚለው ቃል በስሙ ተጽፏል። ሊቀመንበራችን «አንብበው እንደገና» አሉት፣ አነበበላቸው። ከዚህ ላይ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ፤ ከመንግሥት አካል መረጃ የጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት።

ከመካከላችን እልህ የያዛቸው ነበሩ። አንዷ አዛውንቶቹን በባጃጅ ጭነን በራቸው ላይ እንቁም አለች። ሌላዋ ሬዲዮ እንጥራ አለች። አንድ አባት ደግሞ ሽማግሌ ይላክ፣ ሰዎቹን በሰላም እናናግራቸው አሉ። እኔ በባጃጅ የሚለውን ተቃወምኩ። ከምንጎበኛቸው አንዷን፣ እማማን፣ አልብሰን፣ ቁስላቸውን በልብስ ሸፍነን፣ አደባባይ አውጥተን ልናሳይባቸው ነው? እሳቸው ይኼን ቢያውቁ ከዚያ በኋላ በር አይከፍቱልንም። የሳውዝሆል ሁለቱ ሴቶች ራሳቸው ፈልገው ነው የወጡት። የሽማግሌውን ሐሳብ ተቀበልን፣ አብሮ ግን ወረቀት ይሂድ አልን። ሽማግሌ የተናገረውን ማንም ሊረሳው ይችላል፣ ወረቀት ግን መዝገብ ቤት ይቀመጣል።

ከዚያ ደብተሩን አወጣን።

ስለዚህ ደብተር ልንገራችሁ። ባለ መስመር ተራ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ላይ የዘይት ጠብታ አለበት፣ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። ቤቱ ውስጥ፣ የዱቄቱ ጆንያ በላይ ባለው ሚስማር ላይ በክር ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ማንም ሄዶ የተመለሰ ይጽፍበታል፣ ቀን፣ ቤት፣ የተሠራው። አንዳንዷ የእጅ ጽሑፏ አይነበብም። «ማክሰኞ። ገላ ታጠቡ። ቁስሉ ደርቋል። ሳሙና አልቋል።» «ዓርብ። አልበሉም። ልጃቸው ከመተማ ደውሏል።» «ሰኞ። ሆስፒታል ተወሰዱ። ባጃጅ በእድር።» መጻፍ የጀመርነው ሁለታችን በአንድ ቀን አንድ ቤት እንዳንሄድ ብለን ነው፣ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብለን ቆጠርነው። ከምንጎበኛቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በራሳቸው እግር ከደጃፍ አልወጡም። ይኼን ራሳችንም በቁጥር አናውቀውም ነበር።

ደብዳቤያችን አንድ ገጽ ሆነ። ምስጋና አስቀደምን፣ ቤቱን የሰጡን እነሱ ናቸውና። ከዚያ ከደብተሩ የወጣውን ቁጥር አስቀመጥን፣ የማንንም ስም ሳንጠቅስ። ከዚያ ጥያቄ ጠየቅን፣ ያውም በትሕትና። ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት ተጠቃሚዎቹ ተጠይቀው ነበር ወይ? ማዕከሉ ከቤት መውጣት ለማይችሉት ምን ያደርጋል? ተጠንቶ ከሆነ ጥናቱን ማየት እንችላለን ወይ? አንቀጽ 41ን ጠቀስን፣ አዋጅ 590ን ጠቀስን። ሳውዝሆልን አልጠቀስንም። የውጭ አገር ፍርድ እኛ ዘንድ አያስገድድም፣ አንድ ባለሥልጣንም «ለንደን ነው እንዴ የምትኖሩት» ብሎ እንዲዘጋው አልፈለግንም። ጥያቄው ግን ከእነሱ የተማርነው ነው።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን መታችልን። ያንን ወረቀት ሊቀመንበራችን ወዲያው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከቱት።

ከኃላፊው ጋር የተገናኘነው በሳምንቱ ነው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። ከዚያ «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ በጀት የለም» አለ። ሊቀመንበራችን ዝግ ብለው መለሱለት። «የኔ ልጅ፣ በጀት የለም ካላችሁ እንሰማለን፣ እኛም የቤት ሰው ነን፣ ማጣትን እናውቃለን። የጻፋችሁልን ግን በጀት የለም አይልም። ለሁሉም በአንድ ማዕከል ነው የሚለው። የትኛውን ነው የምንመልሰው?» ልጁ ዝም አለ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስቶ የተናገሩትን ጻፈው። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ይኼ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያየሁት በፊቱ ላይ ነው። ማዕከሉ የታሰበው ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ፣ ቤት ለቤት በነጻ የሚሄዱ ሴቶችን አስወጥቶ በደመወዝ የሚሠራ ሰው ማስገባት እንዴት ይቆጥባል?

ጥፋት ከእኛም አለ። ዓመት ከዓመት ገንዘቡን ስንወስድ ሪፖርት አስገብተን አናውቅም። ደረሰኝ የያዝነው አልፎ አልፎ ነው። ቢሮው ውስጥ የሚያውቁን ሰዎች ሲቀየሩ አዲሶቹ ስማችንን ከዝርዝር ላይ ብቻ ነው ያገኙት፣ ከስሙ ጎን ምን እንደምንሠራ የሚል ነገር የለም። ደግሞ ዘግይተናል። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል፣ ዝግጅቱ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው የሚጀመር። ሰኔ ላይ የሚሮጥ ሰው የሚደርሰው ድስቱ ከወጣ በኋላ ነው። የሳውዝሆሉ ዳኛ «ሐሳቡ ገና ሲቀረጽ» ያሉት ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ እንዳልሆነ አሁን ነው የገባኝ። እኛም ገና ሲቀረጽ መድረስ አለብን። ለሚመጣው ዓመት ጥር ላይ ሪፖርታችንን ይዘን እንሄዳለን፣ ከደብተሩ የተገለበጠ ቁጥር፣ ከነደረሰኙ። እድር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ደብተር ከሌላችሁ ዛሬ ጀምሩ። ተራ ደብተር ይበቃል።

ነገሩ እስካሁን ያለበት እንዲህ ነው። ቤቱን የማስረከቡ ነገር «ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን» በሚል ደብዳቤ እንዲቆይ ተደርጓል፣ ቁልፉ በእጃችን ነው። ገንዘቡ አልተለቀቀም። ጥናቱን እንይ ላልነው መልስ አልመጣም፣ 30ውን ቀን እየቆጠርን ነው፣ ሲሞላ ሁለተኛ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። ሳሙናና ዱቄቱን ለጊዜው እድሩ ከመዋጮው ላይ እያወጣ ነው፣ ይኼ ግን ለቀብር የተሰበሰበ ገንዘብ ስለሆነ አባላቱ ብዙ እንደማይታገሱ አውቃለሁ።

ትናንት እማማ ዘንድ ተራዬ ነበር። ውሃ አሙቄ እግራቸውን እያጠብኩ ሳለ ወሬው ጆሯቸው ደርሶ ኖሮ «ልትቀሩ ነው አሉ» አሉኝ። «ማን አለ?» ስላቸው ጎረቤት መሆኗን ነገሩኝ። አልቀርም አልኳቸው። ስመለስ ደብተሩን ከሚስማሩ አውርጄ ጻፍኩ። «ሐሙስ። እግር ታጠቡ። በልተዋል። ሳሙና ከእድር።»